ቃል ከአፍ የሚነጥቀው ኪቦርድ፦ እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይዘጋል?

ደብዳቤ እየጻፉ ነው እንበል። ሐሳቡ ገና መልክ እየያዘ ሳለ ከሚጽፉበት መስመር ፊት ግራጫ ቃል ብቅ ይላል። እርስዎ አልጠሩትም፤ ዐይንዎ ግን አንብቦታል። ስልክ ላይ ከሆኑ ደግሞ ከኪቦርዱ አናት ሦስት ቃላት ተደርድረው ይጠብቃሉ። አንዱንም ሳይነኩ ስፔስ ሲመቱ የጻፉት ቃል ይጠፋና ሌላ ቃል ቦታውን ይይዛል። መልእክቱ ከተላከ በኋላ ካስተዋሉት፣ ያው ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ይህን ሁሉ ብዙዎቻችን በጅምላ «ኦቶኮሬክት» እንለዋለን። በጅምላ ስለምንጠራው ወይ ሁሉንም ችለን እንኖራለን፣ ወይ ተናድደን ሁሉንም እናጠፋለን። ሁለቱም ያስከፍላል። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ሦስት የተለያየ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ማጥፊያ አለው። አንዱ ለጸሐፊ እውነተኛ ረዳት ነው። አንዱ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። አንዱ ግን ሰው ሐሳቡን በሚያወጣበት ሰዓት ገጹ ላይ ምንም ጉዳይ የለውም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ውስጡን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስት ሥራ፣ ሦስት ማጥፊያ

የመጀመሪያው ሥራ ምልክት ማድረግ ነው። በወርድ ወይም በጉግል ዶክስ ከቃል ሥር የሚሰመረው የተጠማዘዘ ቀይ መስመር ይህ ነው። ሶፍትዌሩ ቃሉን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል፤ ካጣው ያሰምርበታል። ከዚያ አልፎ አይሄድም፤ የጻፉትን አይነካም።

ሁለተኛው መተካት ነው። ኦቶኮሬክት የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለዚህ ነው። ቃሉን ጨርሰው ስፔስ ወይም ነጥብ ሲመቱ ሶፍትዌሩ «ሊሉ የፈለጉት ይህን ነው» ብሎ ይወስንና ራሱ ይቀይረዋል። አስቀድሞ አይጠይቅም።

ሦስተኛው መተንበይ ነው። ገና ያልጻፉትን ቃል፣ አንዳንዴም ሙሉ ሐረግ፣ አስቀድሞ ያቀርባል። ወርድ ላይ በግራጫ ይታያል፤ ታብ ከመቱ ይገባል፣ ኢስኬፕ ከመቱ ይጠፋል። ስልክ ላይ በኪቦርዱ አናት ይሰለፋል።

የመጀመሪያው ከጻፉ በኋላ ይመጣል፤ ሁለተኛው ቃሉን በጨረሱባት ቅጽበት፤ ሦስተኛው ከመጻፍዎ በፊት። ወደ ሐሳቡ መነሻ በቀረበ ቁጥር ጣልቃ መግባቱም እየከበደ ይሄዳል።

ተኪው ቃሉን እንዴት ይመርጣል?

ኦቶኮሬክት በብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ወርድ 6.0 ጋር ነው። ማይክሮሶፍት ውስጥ ሐሳቡን ወደ ሥራ ያመጣው ዲን ሃቻሞቪች ነበር። መነሻው ቀላል ዝርዝር ነው፤ በግራ በኩል ሰዎች ደጋግመው የሚስቱት አጻጻፍ፣ በቀኝ በኩል ትክክለኛው። በእንግሊዝኛ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ባለ ሦስት ፊደል ቃል «ቲ-ኤች-ኢ» መሆን ሲገባው፣ ጣት ሲቸኩል «ቲ-ኢ-ኤች» ይሆናል። ሶፍትዌሩ ይህን ከዝርዝሩ ያገኝና ያስተካክላል። ማስተካከያውን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ስፔስ ነው፤ ጸሐፊው ስፔስ መታ ማለት ቃሉ አለቀ ማለት ነውና። ያ ዝርዝር ዛሬም ወርድ ውስጥ አለ። ከፍተው ሊያዩት፣ ሊሰርዙበት፣ ሊጨምሩበት ይችላሉ።

ስልክ ላይ ግን ዝርዝር ብቻውን አይበቃም። የጣት ጫፍ ከፊደሉ ስለሚሰፋ ስሕተቱ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ሁሉንም ቀድሞ መመዝገብ አይቻልም። ስለዚህ ስሌት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ፍሬድ ዳሜራው ባሳተመው ጥናት፣ ከመረመራቸው የፊደል ስሕተቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአራት ዓይነት በአንዱ እንደሚወድቁ አሳየ። አንድ ፊደል ተጨምሯል፤ አንድ ፊደል ጎድሏል፤ አንዱ በሌላ ተተክቷል፤ ወይም ሁለት ጎረቤት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል።

ዘዴው ከዚህ ይከተላል። ሶፍትዌሩ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ከዚያ ቃል በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ያሉትን የሚያውቃቸውን ቃላት ይሰበስባል። ከዚያ ይመዝናል፦ የትኛው ይበልጥ የተለመደ ነው? የተመታው ፊደል ኪቦርዱ ላይ ለየትኛው ይቀርባል? ከፊቱ ካለው ቃል ጋር የትኛው ይሄዳል? ሚዛን የደፋው ገብቶ ይቀመጣል።

አንድ ምሳሌ ቀርበን እንይ። ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ እያለ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው «እና» ለማለት «ኢ-ኤን-ኤ» ብሎ ይመታል። ለእንግሊዝኛው መዝገብ ይህ ቃል አይደለም። በአንድ ፊደል ርቀት ግን መጨረሻ ማለት የሆነው «ኢ-ኤን-ዲ» አለ፤ ዘመን ማለት የሆነው «ኢ-አር-ኤ»ም አለ። ኪቦርዱ ላይ «ኤ» እና «ዲ» በአንድ ረድፍ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። «መጨረሻ» የሚለው ቃል ደግሞ በእንግሊዝኛ እጅግ የተለመደ ነው። ስለዚህ በእናትና በልጅ ጨዋታ መካከል እንግሊዝኛ ቃል ዘው ብሎ ቢገባ የሚያስገርም አይደለም። ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ስሌቱ የሚመዝንበት ቋንቋ ነው። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጻጻፍ ሰው መተኪያውን ማጥፋት ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ስማችንም፣ የሰፈራችን ስምም፣ የምግባችን ስምም ለዚያ መዝገብ ሁሉም «ስሕተት» ናቸው።

በፊደላችን ሲጻፍስ? እዚህ ጉዳዩ ይጠልቃል። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን ባንድ ላይ ስለሚይዝ የአንድ ፊደል ለውጥ ሰውን፣ ጾታን፣ ቁጥርንና አክብሮትን ይለውጣል። «መጣህ» እና «መጣሽ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። «ይመጣል» እና «ይመጣሉ»ም እንዲሁ። ሁሉም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ቀይ መስመር የሚያገኛቸው የለም። «ጋሼ ነገ ይመጣሉ?» ሊሉ ያሰቡት «ጋሼ ነገ ይመጣል?» ሆኖ ቢደርስ፣ አንቱ የሚሉትን ሰው አክብሮት ነሡት ማለት ነው። ጋሼ ይህን ኪቦርዱ እንደሠራው በምን ያውቃሉ?

ሌላም አለ። «መጣ» ከሚለው አንድ ግስ «አልመጣችም»፣ «ስለሚመጡ»፣ «እስኪመጣላቸው»፣ «እንዳይመጡብን» እያለ ቅርንጫፉ ይበዛል። በፊት፣ በመካከልና በኋላ የሚቀጠለው ሁሉ ሲባዛ አንዱ ግስ በሺዎች የሚቆጠር መልክ ይኖረዋል። ቃላትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ የሚያስቀምጥ መዝገብ ይህን ሁሉ አይዝም። በዚህ ላይ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» እየተባለ አንዱ ቃል በብዙ መልክ ይጻፋል። ስለዚህ ለአማርኛ የሚሠራ አራሚ ትክክለኛውን ቃል «አላውቅህም» ማለቱ፣ የተሳሳተውንም ማሳለፉ ይበዛል።

ትንበያው ከየት ይመጣል?

ትንበያ አስማት አይደለም፤ ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ማርኮቭ ከፑሽኪን «ዩጂን ኦኔጊን» 20,000 ፊደላት ወስዶ፣ ከአናባቢ ቀጥሎ ተነባቢ፣ ከተነባቢ ቀጥሎ አናባቢ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በእጁ ቆጠረ። አንዱ ፊደል ስለሚቀጥለው ፊደል አንድ ነገር ይናገራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ያንኑ ሐሳብ ወደ ቃላት ወሰደው። የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ እያየ እንግሊዝኛ የሚመስል፣ ትርጉም ግን የሌለው ጽሑፍ ሠርቶ አሳየ።

በአማርኛ ራስዎ ይሞክሩት። «እንደምን» ካሉ ቀጥሎ «አደሩ»፣ «ዋሉ» ወይም «አመሹ» ይመጣል። «እንኳን» ካሉስ? «አደረሰዎ» ወይም «ደስ አለዎት» ይሆናል። ነገር ግን «እኔ እንኳን» ብለው የጀመሩ ሰው «አደረሰዎ» ሊሉ አይደለም። የመጨረሻዋን ቃል ብቻ የሚያይ ሶፍትዌር እዚህ ይስታል። የዛሬዎቹ ሞዴሎች ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ወደ ኋላ ያያሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 በአይ.ኦ.ኤስ. 17 ኪቦርዱን «ትራንስፎርመር» በሚባለው የቋንቋ ሞዴል ላይ ያቆመው ለዚህ ነው። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2018 ጂሜይል ላይ ሙሉ ሐረግ የሚጨርስ አገልግሎት ጀምሯል።

ይሁንና የተራቀቀውም ሞዴል የሚመልሰው ያንኑ ጥያቄ ነው፦ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ምን ይላል? እርስዎ ምን ሊሉ እንዳሰቡ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። የጂሜይሉ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። አገልግሎቱ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት አንድ የጉግል ባልደረባ «በሚቀጥለው ሳምንት ከአንድ ባለሀብት ጋር እገናኛለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ፣ ሶፍትዌሩ ባለሀብቱን ወንድ አድርጎ ጥያቄ አቀረበለት። ሶፍትዌሩ ባለሀብት ሁሉ ወንድ እንደሆነ የተማረው እንዲያ ተብሎ ከተጻፈው ብዛት ነው። ጉግል በመጨረሻ ጾታ የሚለዩ ተውላጠ ስሞችን ከጥቆማው ጨርሶ አወጣቸው። በእንግሊዝኛ ይህ ይቻላል። በአማርኛ ግን ጾታ በግሱ ውስጥ ነው፤ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይሉ ዐረፍተ ነገር አይዘጋም። ለአማርኛ የሚተነብይ ሶፍትዌር ሐኪሟን ወንድ፣ ነርሱን ሴት አድርጎ ቢገምት የሚያወጣው ተውላጠ ስም የለም። የሚያርመው ጸሐፊው ብቻ ነው።

ለምን ይረብሻል?

«አልፈልገውም ካሉ አይዩት» የሚል ይኖራል። አይቻልም፤ አለመቻሉም ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካዊው ጆን ሪድሊ ስትሩፕ ያሳተመውን ሙከራ ቤትዎ ሊደግሙት ይችላሉ። በሰማያዊ እስክሪፕቶ «ቀይ» ብለው ይጻፉ፤ በቀይ እስክሪፕቶ «አረንጓዴ» ብለው ይጻፉ፤ እንዲህ እያሉ ብዙ ቃላት ይደርድሩ። ከዚያ ማንበብ የሚችል ሰው ጠርተው፣ ቃሉን ሳይሆን የቀለሙን ስም ቶሎ ቶሎ እንዲጠራ ይጠይቁት። ይንተባተባል፤ ይዘገያል። ማንበብ የለመደ አእምሮ ፊቱ ላይ የወደቀን ቃል አላነብም ማለት አይችልም።

ግራጫው ቃል የሚሠራው እዚሁ ላይ ነው። ለሚቀጥለው ቃል አእምሮዎን እየዳሰሱ ሳለ ሌላ ቃል ያለፈቃድዎ ይነበባል። ካነበቡ በኋላ መወሰን ግድ ነው፤ ልቀበለው? ልተወው? ይህ ውሳኔ ጥቂት ነው፤ ግን በየቃሉ ይደገማል። ወግ በሚያወጉበት ሰዓት አጠገብዎ ተቀምጦ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሊጨርስልዎ የሚሞክር ሰው ቢኖር ምን ይሰማዎታል? ግምቱ ትክክል በሆነ ጊዜ እንኳ የወጉ ክር ይበጠሳል።

ጥናቶችም ይህን ይደግፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የፊንላንድ፣ የስዊዘርላንድና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከ37,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ስልክ ላይ እንዴት እንደሚጽፉ መዘገቡ። ኦቶኮሬክት የሚጠቀሙት ፈጠን ያሉ ሆነው ተገኙ፤ የቃል ጥቆማ እየመረጡ የሚጽፉት ግን ዘገዩ። ጊዜ ይቆጥባል የተባለው ነገር፣ ለማንበብና ለመምረጥ የሚወስደው ጊዜ ከሚያተርፈው በለጠ ማለት ነው።

ከፍጥነቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይዘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎች ለፎቶግራፍ መግለጫ እንዲጽፉ አደረገ፤ አንዳንዴ ጥቆማ እያዩ፣ አንዳንዴ ሳያዩ። ጥቆማ እያዩ የተጻፉት መግለጫዎች አጠሩ፤ ሶፍትዌሩ ያልጠበቃቸው ቃላትም በውስጣቸው አነሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 1,506 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አንድ ደረጃ ወደፊት ሄደ። ማኅበራዊ ሚዲያ ለኅብረተሰብ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚል ጽሑፍ እንዲጽፉ ተጠየቁ፤ የሚያግዛቸው ሶፍትዌር ሆን ተብሎ ወደ አንድ ወገን እንዲያደላ ተደርጎ ነበር። ጽሑፋቸው ወደዚያ አደላ። ከጻፉ በኋላ ሲጠየቁ የራሳቸው አስተያየትም ወደዚያው ዘንበል ብሎ ተገኘ። ቃል ማቅረብ ሐሳብ ማቅረብ ነው።

እንዴት ይዘጋል?

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የሶፍትዌሮቹ ገጽ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን የማውጫዎቹን ስም እንደሚነበቡት አስቀምጣለሁ።

*ወርድ በኮምፒውተር።* ግራጫውን ትንበያ ለማጥፋት «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ይግቡ። «ኤዲቲንግ ኦፕሽንስ» በሚለው ክፍል «ሾው ቴክስት ፕሪዲክሽንስ ዋይል ታይፒንግ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ያንሡ። መተኪያውን ለማጥፋት «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ብለው «ሪፕሌስ ቴክስት አዝ ዩ ታይፕ» የሚለውን ያንሡ። ቀይ መስመሩ ለጊዜው እንዲሰወር ደግሞ እዚያው «ፕሩፊንግ» ውስጥ «ቼክ ስፔሊንግ አዝ ዩ ታይፕ» የሚለውን ያንሡ። ጽፈው ሲጨርሱ «ኤፍ 7»ን ከተጫኑ እርማቱ በአንድ ጊዜ ይመጣልዎታል። ማጥፋት ሳይፈልጉ አንድ ቃል ብቻ ያለ አግባብ ከተቀየረብዎ፣ ወዲያውኑ «ኮንትሮል ዜድ» ቢመቱ የራስዎ ቃል ይመለሳል።

*ጉግል ዶክስ።* «ቱልስ» ውስጥ «ፕሪፈረንስስ» ይክፈቱ። ትንበያውን የሚያጠፋው «ሾው ስማርት ኮምፖዝ ሰጀስሽንስ» ነው፤ መተኪያውን የሚያጠፋው «ኦቶማቲካሊ ኮሬክት ስፔሊንግ» ነው። ጂሜይል ላይ ያለው ትንበያ የራሱ ማጥፊያ አለው፤ በጂሜይል ሴቲንግ «ጄኔራል» ገጽ ላይ «ስማርት ኮምፖዝ» በሚለው ሥር ይገኛል። ዶክስ ላይ ስላጠፉት ጂሜይል ላይ አይጠፋም።

*ሊብረኦፊስ።* ይህ ነፃ ሶፍትዌር ረዣዥም ቃላትን ከራስዎ ጽሑፍ እየሰበሰበ ቀድሞ ይጨርስልዎታል፤ የሚያስገባውም ኢንተር ሲመቱ ነው። አዲስ አንቀጽ ሊጀምሩ ኢንተር ሲመቱ ያልፈለጉት ቃል የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። «ቱልስ»፣ «ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ»፣ «ዎርድ ኮምፕሊሽን» ብለው «ኢኔብል ዎርድ ኮምፕሊሽን» የሚለውን ያንሡ።

*ስልክ።* እዚህ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ ሲጽፉ ቃል የሚጠቁመውና የሚተካው ኪቦርዱ ነው። ስለዚህ ማጥፊያውን የመልእክት መተግበሪያው ውስጥ ቢፈልጉ አያገኙትም። የጉግልን ኪቦርድ፣ ጂቦርድን፣ የሚጠቀሙ ከሆነ በኪቦርዱ ሴቲንግ የእርማቱን ክፍል ይክፈቱ፤ የጥቆማ ረድፉና «ኦቶ-ኮሬክሽን» ለየብቻ ይዘጋሉ። ሳምሰንግ ላይ «ጄኔራል ማኔጅመንት» ውስጥ «ሳምሰንግ ኪቦርድ ሴቲንግስ» ሲገቡ «ፕሪዲክቲቭ ቴክስት» እና «ኦቶ ሪፕሌስ» ያገኛሉ። አይፎን ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ጄኔራል»፣ «ኪቦርድ» ነው፤ «ኦቶ-ኮሬክሽን» ተኪው፣ «ፕሪዲክቲቭ ቴክስት» ደግሞ ተንባዩ ነው።

አማርኛ ጸሐፊ ለብቻው የሚገጥመው

ወርድ ላይ የአማርኛ ገጽዎ በቀይ መስመር ከተሞላ፣ ሶፍትዌሩ ጽሑፉን እንግሊዝኛ ነው ብሎ እያነበበ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን በሙሉ መርጠው «ሪቪው»፣ «ላንጉዊጅ»፣ «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዊጅ» ይግቡና «ዱ ኖት ቼክ ስፔሊንግ ኦር ግራመር» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ይህ ለዚያ ጽሑፍ ብቻ ስለሚሠራ የእንግሊዝኛ ሰነድዎን አይነካም።

ከዚህ የከፋው በቀድሞዎቹ የፊደል ቅርጾች የተጻፉ ሰነዶች ላይ የሚደርሰው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር ነው። ከዚያ በፊት፣ ለዓመታትም ከዚያ በኋላ፣ በብዙ መሥሪያ ቤት የተሠራባቸው ፎንቶች የላቲኑን ፊደል የግዕዝ መልክ አልብሰው የሚያሳዩ ነበሩ። ዐይናችን ግዕዝ ያያል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው ላቲን ነው። ስለዚህ ወርድ የዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ትልቅ ፊደል ሊያደርግ ሲነሣ፣ ወይም ሁለት ትልልቅ ፊደላት ተከታትለው ሲያገኝ አንዱን ሊያሳንስ ሲሞክር፣ ገጹ ላይ የሚታየው ፊደል ወደ ሌላ ፊደል ይለወጣል። እንዲህ ያለ የቆየ ሰነድ ከፍተው የሚሠሩ ከሆነ፣ አንዲት ፊደል ከመንካትዎ በፊት «ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ውስጥ ያሉትን ምልክቶች በሙሉ ያንሡ።

ሦስተኛው የአራት ነጥብ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው «።» በመምታት ፈንታ «፡»ን ሁለቴ ይመታል። ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ለሶፍትዌሩ ግን ሁለት የቃል መለያ እንጂ የዐረፍተ ነገር መጨረሻ አይደለም። ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ያላወቀ አራሚና ተንባይ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ይወስደዋል። ወርድ ላይ «ኮንትሮል ኤች» ከፍተው «፡፡»ን በ«።» መተካት የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ኪቦርድዎ ከእርስዎ እንደሚማር አይርሱ። በችኮላ የጻፉትንም፣ የግል የሆነውንም ይመዘግባል፤ ስልኩን ሌላ ሰው ሲይዘው ያንኑ ሊጠቁም ይችላል። ጂቦርድ ላይ የተማረውን ማጥፊያ አለ፤ አይፎን ላይም በ«ሪሴት» ውስጥ «ሪሴት ኪቦርድ ዲክሽነሪ» የሚል አለ።

ምኑ ይቅር?

ይህ ሁሉ ሲባል ትንበያ ለማንም አይረባም ማለት አይደለም። የእጁ እንቅስቃሴ የተወሰነበት ሰው፣ ፊደላት የሚደባለቁበት ሰው፣ በአንድ ጣት ወይም በዐይን ጥቅሻ የሚጽፍ ሰው በዚህ መሣሪያ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ቃል የሚተነብዩ ሶፍትዌሮች ቀድሞም ለአካል ጉዳተኞች ሲሠሩ የነበሩ ናቸው። ለእነሱ ማጥፊያው ማብሪያ ይሁን።

ለሌሎቻችን ግን ሐሳቤ ይህ ነው። ረቂቅ ሲጽፉ ትንበያውም፣ ተኪውም፣ ቀይ መስመሩም ይዘጉ። ረቂቁ ሲያልቅ ቀይ መስመሩ ይከፈት፤ ያኔ ስሕተት መልቀም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ሶፍትዌሩም ይህን በደንብ ያግዛል። ተኪውን የሚፈልጉት ከሆነ ዝርዝሩን የራስዎ ያድርጉት። ለምሳሌ «ኢፌዴሪ» ብለው ሲጽፉ «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ብሎ እንዲዘረጋ ወርድን ማዘዝ ይቻላል። ይህ ግምት አይደለም፤ እርስዎ የሰጡት ትእዛዝ ነው። ትንበያውን ግን ደረሰኝ ለመላክ፣ ቀጠሮ ለማረጋገጥ፣ «እደውላለሁ» ለማለት ይተዉት። እዚያ የተለመደው ቃል በቂ ነው።

ይህን አጥብቄ የምለው ለጸሐፊው ትኩረት ስል ብቻ አይደለም። እነዚህ ሞዴሎች የሚማሩት ሰዎች ከጻፉት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ባሕር ነው፤ ጥቂት ሰው ያልተለመደ ቃል ቢተው አይጎድልም። በአማርኛ በዲጂታል የሚገኘው ጽሑፍ ግን ገና ጥቂት ነው። ጥቆማው ያቀረበልንን የተለመደ ቃል በተቀበልን ቁጥር ያ ቃል ይበልጥ ይለመዳል፤ ነገም መጀመሪያ የሚጠቆመው እሱ ይሆናል። የጎንደሩ፣ የሸዋው፣ የወሎው፣ የጎጃሙ አነጋገር፣ የሽማግሌው ምርቃት፣ የገበሬው የእህልና የአፈር ስም በጥቆማው ረድፍ ላይ የሉም። ወደዚያ የሚገቡት አንድ ሰው አስቀድሞ ከጻፋቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ረቂቅዎን ሲጀምሩ ትንበያውን ይዝጉና ሊሉት ያሰቡትን ቃል ራስዎ ፈልገው ይጻፉት፤ አማርኛ ነገ በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ የሚኖረው ዛሬ እኛ በጻፍነው ልክ ነው።